ጋሽ ደበላን በዘይት ቀለም የገደልኩበት ሐሙስ

ሰው ከሥራ ሲሰናበት መጀመሪያ የሚያጣው ደመወዙን ይመስለዋል። እኔ ግን መጀመሪያ ያጣሁት ሰበቤን ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀምጬ፣ በገባ ደብዳቤ ላይ የገቢ፣ በወጣ ደብዳቤ ላይ የወጪ ማኅተም እየመታሁ፣ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም "ይሄ ሥራ አስሮ ያዘኝ እንጂ እኔ እኮ ሰዓሊ ነበርኩ" ስል ኖሬያለሁ። አባባሉ ይመቸኝ ነበር። የታሰረን ሰው "እስቲ ሥራህን አሳየን" የሚለው የለም። ታዲያ ዓምና መሥሪያ ቤቱ አዲስ መዋቅር ሠራና በመዋቅሩ ውስጥ ለእኔ የሚሆን ቦታ ጠፋ። የስንብት ደብዳቤዬ ላይ የወጪ ማኅተሙን የመታሁት ራሴ ነኝ። ከእኔ በቀር ማኅተሙ የት እንደሚቀመጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ደብዳቤውን ይዤ ለቡ መብራት ኃይል ወዳለው ኮንዶሚኒየማችን፣ አራተኛ ፎቅ ወጥቼ ለባለቤቴ ለሰናይት ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። አጥፋ መለሰችልኝና፣

"በል እንግዲህ፣ ተፈታህ። ሳላ!" አለችኝ።

ሰናይት የሒሳብ መምህርት ናት፤ ልክ የሌለው ነገር አትወድም። በማግስቱ ቁርስ ላይ ውሉን ነገረችኝ። "አንድ ዓመት እሰጥሃለሁ። በዚህ ዓመት ውስጥ አንድ ሰው፣ ዘመዳችን ያልሆነ አንድ ሰው፣ ሥዕልህን አይቶ ውስጡን ከነካው ትቀጥላለህ። ካልነካው ዓመቱ ባለቀ ሰኞ ጠዋት ብርሃኑ ሱቅ ትገባለህ።"

ብርሃኑ ታላቅ ወንድሟ ነው። መካኒሳ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለው፤ ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ የቧንቧ ዕቃ። ደግ ሰው ነው፤ ከደግነቱ የተነሳ ውሉን በሰማ በሳምንቱ ሰማያዊ ጋዋን አሰፍቶ፣ የደረት ኪሱ ላይ እርሳስ ሳይቀር ሰክቶ ላከልኝ። ሰናይት ከመኝታ ቤታችን በር ጀርባ ሰቀለችው። በር በዘጋሁ ቁጥር ጋዋኑ እጁን አንዴ ወዝወዝ ያደርግልኛል።

አንድ ሰው ምን አላት! እኔ ውሉ ቀሎኝ ነበር። ስፋት ያለው ሸራ፣ የዘይት ቀለም፣ ልዩ ልዩ ብሩሽ ገዛሁ፤ ጺሜን አሳደግኩ። ሰዓሊነት ውስጥ እስካሁን ያለ እንከን የተሳካልኝ ነገር ጺሙ ነው።

የመጀመሪያ ሥራዬ የሰናይት ምስል ነበር። አንድ ወር ፈጀብኝ። ጨርሼ ሳሎን ግድግዳ ላይ በሰቀልኩት ቀን ጎረቤታችን ማርታ ሚጥሚጣ ልትዋስ ብቅ አለች። ማርታ ከወላይታ ሶዶ የመጣች፣ በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ውስጥ የምታገለግል፣ ክፉ ከአፏ የማይወጣ ሴት ናት። ሥዕሉን አየች፤ ጠጋ ብላ ደግማ አየችና፣

"ወንድምሽ ነው ሰናይትዬ? ደስ ይላል። ጌታ ይባርከው" አለች።

ሰናይት "አሜን" አለቻት። ማርታ እንደወጣች ሥዕሉን አውርዳ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ከተተችው። ስለዚያ ሥዕል ዓመቱን ሙሉ አንስተን አናውቅም። የማይነሳ ነገር ደግሞ እንዴት እንደሚከብድ ያገባ ሁሉ ያውቀዋል።

ከሰው ፊት ተፈጥሮ ይሻለኛል ብዬ ወደ መልክዓ ምድር ዞርኩ። የብስራተ ገብርኤልን ቁልቁለት ሳልኩ፤ የሰናይት ባልደረባ አይታው የውሃ መስመሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ ጠየቀችኝ። በፋሲካ ዋዜማ ደግሞ ኤግዚቢሽን አዘጋጀሁ። ቦታው የኮንዶሚኒየማችን የጋራ መገልገያ ቤት ነው፤ ዕቃ የሚታጠብበት፣ በግ የሚታረድበት። ዘጠኝ ሥዕል ሰቅዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ሕዝቡ በእርግጥ ጎረፈ፤ ሁሉም ግን በግ እየጎተተ ነው። አንዱ ጎረቤቴ የሜዳዬን ሥዕል ከተሰቀለበት አወረደና ቢላው እስኪሳል ድረስ በጉን እዚያው ምስማር ላይ አሰረው። በጉ ወደ ወረደው ሥዕል ጠጋ አለ። ሣሩን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ምላሱን አውጥቶ ከግራ ወደ ቀኝ ላሰው። በዚያ ቀን በሥዕል የተነካ ፍጡር እሱ ብቻ ነበር።

ሮጬ ሄጄ ለሰናይት ነገርኳት።

"ሰው ነው ያልኩት" አለችኝ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመቱ ሊያልቅ ሦስት ወር ቀረው። ይሄኔ ነው ጋሽ ደበላ የመጡት። መጡ ስል እንኳ ድሮም አሉ፤ እኛ ነን በኋላ የመጣነው። ለቡ ገና እርሻ ሳለ አባታቸው ያርሱበት ከነበረው መሬት ዛሬ የቀራቸው ግቢያቸውና የሦስት ላም በረት ነው። ሚስታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ አንድ ልጃቸው ሰበታ ነው ያገባችው። ጠዋት ጠዋት ለኮንዶሚኒየማችን ወተት ያከፋፍላሉ። ደረጃ ሲወጡ ውለው እኛ በር ላይ ሲደርሱ ስለሚደክማቸው በረንዳችን ላይ ዱካ ስቤ አስቀምጣቸዋለሁ። አንድ ቀን፣

"ጋሽ ደበላ፣ እንዲህ እንደተቀመጡ ልሳልዎት?" አልኳቸው።

"መቀመጡንስ ተቀምጫለሁ" አሉ።

ሦስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡልኝ። እሳቸው በበረንዳው ፍርግርግ በኩል ከፊት ለፊት ያሉትን ፎቆች ያያሉ፤ እኔ እሳቸውን አያለሁ። ብዙም አናወራም። "ምን መሰለ፣ ይዩት እስቲ" ስላቸው "ሲያልቅ አየዋለሁ፤ ያልደረሰ እህል ምኑ ይታያል" ይሉኛል። እውነቱን ልናገር? በዚያ ሦስት ወር ውስጥ አንድም ቀን በሩን ስዘጋ ጋዋኑን አላየሁትም። ደስ ብሎኝ ነበር።

ሥዕሉ ያለቀው ዓመቱ እሑድ ሊሞላ ረቡዕ ዕለት ነው። ሐሙስ ማለዳ ወተት አልመጣም፤ ጋሽ ደበላ ልጃቸውን ሊያዩ ሰበታ ሄደዋል ተባለ። ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አልነበረም። ሥዕሉን አሳምሬ ፍሬም አስገብቼ ቤታቸው በረንዳ ላይ አስቀምጬ ልጠብቃቸው አሰብኩ።

ቀለሙ ገና ስላልደረቀ መጠቅለል አልቻልኩም። ፍሬም ሠሪው ያለው መካኒሳ ነው፤ መንገዱ ደግሞ እየተቆፈረ ስለሆነ አቧራው አይጣል ነው። ስለዚህ የሰናይትን ነጠላ አነሳሁና ፊቱን ሳይነካ በሸራው ጫፍ ላይ እንደ መጋረጃ ደረብኩበት። ጥለቱ ከበድ ስለሚል እንዳይንሸራተት ወደ ላይ አዞርኩት። እዚህ ላይ አንባቢዬ ጣቷን የነከሰች ይመስለኛል። እኔ ግን በዚያ ቀን አእምሮዬ ውስጥ ከጥበብ በቀር ምንም አልነበረም።

ፍሬም ሠሪው ዘንድ የነበረው በልኩ የተቆረጠ ፍሬም ጥቁር ብቻ ሆነ። ጥቁር ያምራል፤ ይሁን አልኩ። ሰውዬው ሥዕሉን ተቀበለኝ፤ አየው፤ ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ በለሆሳስ "እግዚአብሔር ያጽናህ" አለኝ።

አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ሥዕሌ የሰማሁትን ስለሰማሁ ምን ማለቱ እንደሆነ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። "ገና ጀማሪ ነኝ፣ እየለመድኩት ነው" አልኩት። ሰውዬው አንገቱን ነቅንቆ ዓይኑን ጠረገ።

ከዚያ ታክሲ ያዝኩ። በሌላ ቀን ቢሆን እንኳን ይሄን የሚያህል ፍሬም፣ አንድ ዘንቢል ያስጮኻል። ያን ዕለት ግን ረዳቱ ገና ሲያየኝ ከፊት የተቀመጠውን ጎረምሳ አስነስቶ ቦታውን ለእኔ ሰጠኝ። ሾፌሩ ሙዚቃውን አጠፋ። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት በትከሻዬ ላይ አሻግረው ሥዕሉን አዩና፣

"አባትህ ናቸው ልጄ?" አሉኝ።

"አይ እማማ፣ አባቴስ አይደሉም" አልኳቸው። "ግን በዚህ ሦስት ወር እንደ አባት ሆነውልኝ ነበር። በየጠዋቱ ፊት ለፊታቸው እቀመጣለሁ፣ አያቸዋለሁ። ትናንት አለቀ።"

እናትየዋ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው አለቀሱ። የታክሲው ሰው በሙሉ ከንፈሩን መጠጠ። ውስጤ ሞቀ። ለካ ሕዝባችን ጥበብ ይገባዋል! ለካ እስካሁን ችግሩ የፍሬም ነበር! ለቡ ደርሼ ስወርድ ረዳቱ ሥዕሉን በሁለት እጁ አቀበለኝና "በርታ፣ ወንድ ልጅ ሁን" አለኝ። በርትቻለሁ ብዬ አመሰገንኩት።

ከፌርማታው እስከ ጋሽ ደበላ ግቢ አምስት ደቂቃ ያስኬዳል። መንገድ ላይ የሊስትሮ ዕቃውን ትቶ የተነሳ አንድ ጎልማሳ የፍሬሙን አንድ ጫፍ ያዘልኝ። ሁለት ሴቶች ከሱቅ ወጥተው ከኋላ ተከተሉን። ዞር ስል አሥር ሆነዋል። ሁሉም ዝም ብለው ነው የሚሄዱት። ለኤግዚቢሽኑ እግሬ እስኪቀጥን ለምኜ ያልመጣ ሕዝብ ሳልጠራው ተከተለኝ። ግቢው በር ላይ ማርታ የወተት ዕቃዋን ይዛ፣ ጋሽ ደበላን ስትጠብቅ ቆማለች። ሥዕሉን አየች።

"ጋሽ ደበላ!" ብላ ጮኸች።

አወቀቻቸው! ያቺው ሰናይትን ወንድ ያደረገች ማርታ፣ ከሩቁ፣ አንዴ በማየት አወቀቻቸው! ዕንባዬ መጣ።

"አዎ" አልኳት፣ "እሳቸው ናቸው።"

የወተት ዕቃው ከእጇ ወደቀ። እሷም መሬት ላይ ተቀመጠች። ይሄን ያህል እንኳ አልጠበቅኩም። ሥዕሉን በረንዳው ላይ፣ ወንበር ላይ አስደግፌ፣ ነጠላውን አስተካክዬ፣ ሕዝቡ ከሥዕሉ ጋር ብቻውን እንዲሆን ብዬ በጓሮ በር ወጣሁ። ታላላቅ ሰዓሊዎች እንዲህ የሚያደርጉ መስሎኛል። ቤቴ ገብቼ ጋደም አልኩ። ጋዋኑን ከበሩ ጀርባ አውርጄ፣ አጥፌ፣ ለብርሃኑ ለመመለስ ፌስታል ውስጥ ከተትኩት።

ስምንት ሰዓት ላይ ሰናይት ከትምህርት ቤት መጣች። ፊቷ ልክ አይደለም።

"አልሰማህም? ጋሽ ደበላ አረፉ። ድንኳን ተተክሏል" አለችኝ። "ነጠላዬን ቁም ሣጥን ውስጥ አጣሁት፤ የት ሄዶ ነው?"

እዚህ ላይ አንባቢ "እንዴት አልገባህም?" ይለኛል። አልገባኝም! ጋሽ ደበላ ሥዕላቸውን ሳያዩ፣ እኔ ባደረስኩበት ቀን ሰበታ ላይ መሞታቸው ብቻ ነው የገባኝ። ሙያዬን ረግሜ ግድግዳ ተደግፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሰናይት ከእናቷ የተሰጣትን ሌላ ነጠላ ለብሳ አብረን ወጣን።

ድንኳኑ ጢም ብሏል። ንፍሮው እየዞረ ነው። ከፊት፣ ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ፣ የኔ ሥዕል። ሴቶቹ እያዩት ደረታቸውን ይመታሉ። "አስተያየቱን እዩት፤ ልክ እንዲህ ነበር የሚያየን!" ትላለች አንዷ። ማርታ ከጎን ተንበርክካ "ጌታ ሆይ፣ ምነው ትንሽ ብታቆያቸው?" እያለች ትጸልያለች። ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ለጋሽ ደበላ ከልቤ ነበር የማለቅሰው፤ ግን ነውሬን አልደብቅም፣ በዕንባዬ መሃል ሥዕሉን እያየ የሚያለቅሰውን ሰው እቆጥር ነበር። አርባ ሰባት ደርሻለሁ። አንድም ዘመድ የለበትም።

የእድሩ ዳኛ ተነስተው አስከሬኑ ከሰበታ እየመጣ እንደሆነ፣ የጋሽ ደበላ ስልክ ከጠዋት ጀምሮ ዝግ መሆኑን፣ የልጃቸውን ቁጥር የሚያውቅ ካለ እንዲሰጥ ተናገሩ። በዚህ መሃል አንድ ሰው ገብቶ ከጎኔ ተቀመጠ። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። ብዙ ቆይቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣

"ልጄ፣ ምን ሆኜ ነው የሞትኩት?" አለኝ።

"ደም ግፊት ነው ይላሉ" ብዬ መለስኩለት። ከዚያ ነው ዞር ያልኩት።

ጋሽ ደበላ ናቸው። ከእግራቸው ሥር ለላሞቻቸው የገዙት የፉርሽካ ከረጢት ተቀምጧል። በኋላ እንደሰማነው፣ በር ላይ ቆሞ የነበረውን፣ አካባቢውን ገና ያልለመደ ሰው "ማን ነው ያረፈው?" ብለው ቢጠይቁት "የቤቱ ጌታ ጋሽ ደበላ፤ ጥሩ ሰው ነበሩ አሉ፤ ይግቡ አባቴ" አላቸው። እሳቸውም ለቅሶ ሳይደርሱ ያለፉበት ቀን ስለሌለ ገቡ።

ቀድማ ያየቻቸው ማርታ ናት። "ተነሱ! ሃሌሉያ! ተነሱ!" ብላ ከተንበረከከችበት ዘለለች። ጸሎቷ በሩብ ሰዓት ውስጥ የተመለሰላት ሰው ምን ታድርግ? ግማሹ አማተበ፤ ግማሹ አጨበጨበ፤ ንፍሮ የያዘችው ሴት ትሪውን ከነንፍሮው ለቀቀችው። የእድሩ ዳኛ ብቻ በመተዳደሪያ ደንብ የሚያምኑ ሰው ስለሆኑ ረጋ ብለው ቀረቡ።

"ጋሽ ደበላ፣ በሕይወት ነዎት?"

"ነኝ መሰለኝ።"

"እንግዲያው ድንኳን ይተከል ያለው ማነው?"

ምርመራው ተጀመረ። ዳኛው ከጥሩንባ ነፊው፣ ጥሩንባ ነፊው ከባለ ሱቋ፣ ባለ ሱቋ ከሊስትሮው፣ ሊስትሮው ከማርታ ሰምተው ነው። ማርታ ጣቷን ቀሰረች። "እሳቸው ናቸው ወይ ብዬ ጮኼ ስጠይቀው አዎ አለኝ፤ እያለቀሰ!" ድንኳኑ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ያን ሁሉ ሰው ፊት ለፊት አይቼው አላውቅም። ከሰውም ሁሉ የከፋብኝ የሰናይት ዓይን ነው፤ ጥቁሩን ፍሬም፣ ቀጥሎ የራሷን ነጠላ፣ ቀጥሎ ወደ ላይ የዞረውን ጥለት አየች።

"የለቅሶ አለባበስ አልብሰሃቸው ነው ከመካኒሳ ያመጣሃቸው?" አለችኝ።

ያዳኑኝ ሟቹ ናቸው። "ተዉት፣ ልጁ ክፉ አላሰበም። ቁጭ በሉና ንፍሮዬን ብሉ፤ ማን ተዝካሩን በዓይኑ ያያል?" አሉ። ሕዝቡ ሳቀ፤ ተቀመጠ። እሳቸው ግን ወደ ፊት ሄደው ሥዕሉ ፊት ቆሙ። ረጅም ጊዜ ቆሙ። "ያ ዋቃዮ" ብቻ ብለው በኦሮምኛ አምላካቸውን ጠሩና ከነነጠላው ታቅፈውት ወደ ቤት ገቡ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ሰናይትን፣ "አርባ ሰባት ሰው አልቅሷል" አልኳት።

"ያለቀሱት ለጋሽ ደበላ ነው" አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ያ ነው የባሰው። "የመታወቂያ ፎቷቸው ቢቀመጥም ያለቅሱ ነበር።"

ልክ ነበረች። የምትሳሳት ሴት ባገባ ኖሮ ብዬ የተመኘሁት ያኔ ነው። ጋዋኑን ከፌስታሉ አውጥቼ መልሼ ሰቀልኩት። ምስማር መሸጥ አላስፈራኝም፤ ሥራ ሥራ ነው። የፈራሁት ከዚያ በኋላ "ሥራ አስሮኝ እንጂ ሰዓሊ ነበርኩ" ማለት አለመቻሌን ነው። ተፈትቼ ነበር፤ ተሞከረ፤ አልሆነም። ይሄን ይዞ መኖር ከበደኝ።

እሑድ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ጋሽ ደበላ፣ በሰናይት ነጠላ የተጠቀለለውን ሥዕል በብብታቸው ይዘው ደረጃውን ወጥተው ያለከልካሉ። ዱካቸው ላይ አስቀመጥናቸው። ሰናይት ሻይ ሰጠቻቸው። አልጠጡትም።

"ውሰድልኝ ልጄ" አሉ። "ቤቴ ውስጥ አላስቀምጠውም።"

"ምነው፣ አልመሰለም?" አልኳቸው።

"እኔ እኔን ስንት ጊዜ አይቼው አውቃለሁ? ይሄ አባቴ ነው።" የሻዩን ብርጭቆ ገፋ አደረጉ። "አባቴ መሬቱ ካለቀ በኋላ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጥና ቀኑን ሙሉ ፎቆቹን ያይ ነበር። እኔ ወጣ ገባ ስል 'ምን ያስፈጥጥሃል፣ ፎቅ አይተህ አታውቅም?' እለው ነበር። ዝም ይለኛል። እንደዚያ እንዳልኩት ሞተ። አሁን ላሞቹን ላልብ ስነሳ እሱ ግድግዳው ላይ ቁጭ ብሎ ያያል። ምን እንደሚያይ አሁን ገባኝ። ሦስት ቀን እህል አልበላልህ አለኝ። ውሰደው።"

ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት ሰናይት በእጇ ከለከለችኝ። ፈተና ወረቀት ስታርም እንደምትሆነው ሆና፣

"ጋሽ ደበላ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለች። "እኛና እርስዎ ዝምድና የለንም አይደል?"

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። "ወተት ነው የምሸጥላችሁ" አሉ።

ሰናይት ተነስታ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ስልክ ስትደውል ይሰማናል። "ብርሃኑ፣ ደህና ዋልክ? ነገ አይመጣም። አይ፣ አልታመመም። ጋዋኑን? ጋዋኑንማ አንመልስም።"

ጋሽ ደበላ የቀዘቀዘውን ሻያቸውን በአንድ ትንፋሽ ጠጡና ተነሱ። ሥዕሉንም ብድግ አደረጉት።

"ሊመልሱት አልነበር እንዴ?" አልኳቸው።

"ሳወራው ጊዜ ቀለል አለኝ። ደግሞስ ሽማግሌውን ሰው ቤት ጥዬው ልሂድ?" አሉና ወጡ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሰናይት ግን ባዶ እግሯን ደረጃውን እየዘለለች ስትወርድ አየኋት። "ጋሽ ደበላ! ነጠላዬን! ግለጡት እንጂ፣ ሰው ሳያይዎት!" ሁለተኛ ፎቅ ላይ ደርሳባቸው ነጠላውን ገፈፈችው። በበረንዳው ሳይ ሽማግሌው የአባታቸውን ፊት ወደ መንገዱ አዙረው፣ ሰላምታ እየሰጡ ቁልቁል ወረዱ። ማንም ጥሩንባ አልነፋም።

ሰናይት ነጠላዋን አጥፋ ተመለሰች። ጋዋኑን ከበሩ ጀርባ አውርዳ ወረወረችልኝ፤ "ልበሰው፣ ሸሚዝህን ሁሉ በቀለም ጨርሰኸዋል" አለች። ቀጥላ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ገብታ፣ ዓመት ሙሉ ያላነሳነውን ሥዕል አቧራውን አራግፋ አወጣችና ከፊቴ አቆመችው። ራሷ ሄዳ የጋሽ ደበላ ዱካ ላይ ተቀመጠች፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ መለሰች።

"በል እንደገና ሳለኝ" አለች። "በዚህኛው ሴት አድርገኝ።"